አርሚንዮስ ቫምቤሪ፤ በደርቡሽ ልብስ ማሽሃድ የገባው መንገደኛ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የሚጓዝበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፤ አንዱ ለጦርነት፤ አንዱ ለጸሎት፤ አንዱም ለትምህርት ይሄዳል። በፋርስ ማለት በዛሬይቱ ኢራን በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለችው የማሽሃድ ከተማ እነዚህን አራት ዐይነት መንገደኞች ለብዙ መቶ ዓመታት ስትቀበል ኖራለች። በ1863 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት ግን ከአራቱ በየትኛው እንደሚመደብ ለማወቅ የሚያስቸግር አንድ እንግዳ በበሯ ገባ። ልብሱ የተቀደደ፤ ጥምጥሙ ያደፈ፤ አንድ እግሩ የሚያነክስ፤ ፊቱ በፀሓይና በውርጭ የጠቆረ ነበር። ያየው ሁሉ ከቡኻራ የመጣ ለማኝ ደርቡሽ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን የሃንጋሪ ተወላጅ፤ የአገሩ የሳይንስ አካዳሚ አባልና የቋንቋ ሊቅ አርሚንዮስ ቫምቤሪ ነበር።

የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የተነሣነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፤ በድኽነት ያደገና እግሩ የተሰናከለ ልጅ በገዛ ጥረቱ ወደ ምን ያህል ዕውቀት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይጠልቃል። ቫምቤሪ ዕውቀትን ለማግኘት ሲል ሌላ ሰው መስሎ ተጓዘ፤ በማሽሃድ ከተማም ሕይወቱን ለማዳን ሲል ሌላ ሰው መስሎ ከሚኖር ሰው ጋር ተገናኘ። የሁለቱ መገናኘት ተማሪውንም ሹሙንም የሚያሳስብ ነገር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልደቱና ትምህርቱ

ቫምቤሪ በ1832 ዓ.ም. በያኔው የሃንጋሪ ግዛት፤ ፕሬስቡርግ ትባል ከነበረችው ከተማ አጠገብ፤ ስሟ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት በሆነ አንዲት ትንሽ ከተማ ተወለደ። ፕሬስቡርግ ዛሬ ብራቲስላቫ ተብላ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ናት። ወላጆቹ ድኾች አይሁድ ነበሩ። አባቱ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ በብዙ ችግር አሳደገችው። ገና በሕፃንነቱም አንድ እግሩ ሰለለና በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ሆነ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ሙያ ይማር ተብሎ ለሴቶች ልብስ ሰፊ ተሰጠ። ነገር ግን ከመርፌው ይልቅ መጽሐፉን ስለ ወደደ ብዙ ሳይቈይ ወጣና የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። እሱ ራሱ ልጅ ሳለ ሌላውን ልጅ እያስተማረ፤ ያገኛትን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም በኋላ የጠገበበት ቀን ጥቂት ነበር። በየሰው ቤት የዕለት ምግብ እየተሰጠው፤ ሌሊት እያጠና፤ ቀን የባለጸጎችን ልጆች እያስተማረ ኖረ። በአገራችን ደበሎ ለብሶ፤ አኮፋዳ አንግቶ በየደጁ እየለመነ ዳዊቱንና ቅኔውን የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ሰው ይህ ኑሮ እንግዳ አይሆንበትም።

ቫምቤሪ ቋንቋ የሚማርበት ዘዴ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በየቀኑ የተወሰነ ቃል በቃሉ ይይዛል፤ በመጀመሪያ ዐሥር ቃል ነበር፤ እያደር ግን ቍጥሩን ከፍ እያደረገ እስከ ስድሳና እስከ መቶ አደረሰው። በዚህ ዐይነት ሃንጋሪኛና ጀርመንኛ ላይ ላቲንንና ፈረንሳይኛን፤ ከዚያም ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችን ጨመረ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነውም ቱርክኛን ማጥናት ጀመረ።

ቱርክኛን የመረጠበት ምክንያት ነበረው። የሃንጋሪ ሕዝብ ከምሥራቅ ተነሥቶ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሁን ወዳለበት አገር የገባ ነው። ቋንቋው የጎረቤቶቹን የጀርመኖችንም ሆነ የስላቮችን ቋንቋ አይመስልም። እንግዲያስ ይህ ቋንቋ ዘመዱ የት ነው? ብዙ ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ይከራከሩ ነበር። ቫምቤሪ መልሱ በማዕከላዊ እስያ ከሚኖሩት ቱርክኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይገኛል ብሎ ዐሰበ፤ መጽሐፍ በማገላበጥ ብቻም ሳይሆን በገዛ ጆሮው ሰምቶ ለማረጋገጥ ቈረጠ።

በኢስታምቡል

በ1857 ዓ.ም. በኪሱ ምንም ሳይኖረው የኦቶማን መንግሥት ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ኢስታምቡል ሄደ። መጀመሪያ በየቡና ቤቱ የቱርክኛ ግጥም እያነበበ፤ ቋንቋም እያስተማረ እንጀራውን አገኘ። ወዲያው ግን ችሎታው ታወቀና በታላላቅ ፓሻዎች ቤት አስተማሪ ሆነ። ከነዚህ በአንዱ ቤት ሳለ ረሺድ የሚል ስም ተሰጠው፤ ይህም ስም በኋላ ሕይወቱን የሚያተርፍለት ስም ሆነ። እዚያ በኖረባቸው ዓመታት የቱርክኛ አነጋገርን ብቻ ሳይሆን አቀማመጡን፤ ሰላምታውን፤ የጸሎቱን ሥርዓት፤ የቅዱስ ቁርኣኑን ንባብ ሁሉ እንደ ተወላጅ ተማረ። በ1858 ዓ.ም. የጀርመንኛና የቱርክኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1860 ዓ.ም. የሃንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ በሩቅ ሆኖ የሚጽፍ አባል አድርጎ መረጠው፤ በሚከተለውም ዓመት ለጉዞው አንድ ሺህ ፍሎሪን ሰጠው።

በ1862 ዓ.ም. በትራብዞን፤ በኤርዙሩምና በታብሪዝ በኩል አድርጎ ቴህራን ገባ። በዚያን ጊዜ የአፍጋኒስታኑ አሚር ዶስት መሐመድ ሄራትን ከብቦ ይዋጋ ስለ ነበር ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ቫምቤሪ ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ እስፋሃንንና ሺራዝን አየ፤ ፋርስኛውንም አሻሻለ።

የጥፋት መንገድ

ቫምቤሪ ሊሄድባቸው የተመኛቸው አገሮች ኺቫ፤ ቡኻራና ሳማርካንድ ነበሩ። እነዚህ አገሮች ለአውሮፓ ሰው ዝግ ነበሩ። በ1842 ዓ.ም. ስቶዳርትና ኮኖሊ የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች በቡኻራ አሚር ትእዛዝ ተገድለዋል። ስለዚህ በግልጽ መሄድ ሞትን መጥራት ነበር።

በቴህራን የነበረው የቱርክ ሌጋሲዮን ከመካ የሚመለሱ የማዕከላዊ እስያ ሐጂዎች ርዳታ ሊጠይቁ የሚመጡበት ቤት ነበር። ቫምቤሪ ከእነዚህ ጋር ተዋወቀ። አለቃቸው ሐጂ ቢላል የሚባል፤ አገሩ በቻይና በኩል ባለው ቱርኪስታን የሆነ፤ ደግና አስተዋይ ሰው ነበር። ቫምቤሪ የቅዱሳንን መቃብር ለመሳለም የተነሣ የኢስታምቡል ሰው ነኝ አላቸው። የቱርኩ መልእክተኛም በሐጂ ረሺድ ስም የይለፍ ወረቀት ሰጠው። ማርች 28 ቀን 1863 ዓ.ም. ራሱን ተላጭቶ፤ የተጣጣፈ ልብስ ለብሶ፤ ከሃያ ሦስት ሐጂዎች ጋር ከቴህራን ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልገናል። በእኛ አገር ደርቡሽ ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው በ1889 ዓ.ም. በመተማ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ጦርነትና የሱዳኑን የማሕዲ ሠራዊት ነው። በፋርስና በቱርክ አገር ግን ደርቡሽ ማለት ዓለምን ንቆ፤ ከአገር ወደ አገር እየዞረ፤ ምጽዋት እየበላ፤ በጸሎትና በቡራኬ የሚኖር ሰው ነው። ቫምቤሪ የመሰለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ከካስፒያን ባሕር ዳርቻ ቱርክመኖች ዘንድ ሲደርሱ ያየው ነገር ልቡን አቈሰለው። ቱርክመኖች ወደ ፋርስ ግዛት እየዘለቁ መንደረኛውንና ወደ ማሽሃድ የሚሄደውን ተሳላሚ ይፈነግሉ፤ በኺቫና በቡኻራ ገበያም ይሸጡ ነበር። ቫምቤሪ በየድንኳኑ በሰንሰለት የታሰሩ ፋርሳውያን አየ፤ የሚያዝንላቸውም መስሎ መታየት አይችልም ነበር፤ ፊቱ ከተለወጠ ይጠረጠራልና።

ከዚያ በኋላ የበረሓው መንገድ መጣ። በተለይ ከኺቫ ወደ ቡኻራ ሲሄዱ ወንበዴ በመንገድ አለ ተብሎ በአሸዋው መካከል ለማለፍ ስለ ተገደዱ ውኃ አለቀባቸው፤ ከጓደኞቹም በጥም የሞተ ነበረ። አባት ከልጁ፤ ወንድም ከወንድሙ ጥቂት ውኃ የሚደብቅበት ቀን እንደ ነበረ ቫምቤሪ ጽፏል።

በኺቫ ሳለ ሰላይ ነው የሚል ክስ ቀርቦበት ነበር። ያዳነው ቀድሞ የኺቫ መልእክተኛ ሆኖ በኢስታምቡል የኖረው ሹክሩላህ ቤይ ነው፤ ቫምቤሪ የኢስታምቡልን ታላላቅ ሰዎች በየስማቸው እየጠራ ሲያወጋው እውነተኛ ቱርክ ነው ብሎ መሰከረለት። በዚያው ከተማ ዐይናቸው የሚወጣ ሽማግሌ ምርኮኞችንና የጠላት ራስ በጆንያ አምጥተው የክብር ካባ የሚሸለሙ ፈረሰኞችን ተመለከተ። ያየውንና የሰማውን ሁሉ በቁራጭ እርሳስ በትናንሽ ወረቀት ላይ በምስጢር እየጻፈ በልብሱ መካከል ይደብቅ ነበር። ያ ወረቀት ቢገኝ ፍርዱ ሞት ነበር።

በሳማርካንድ የቡኻራው አሚር ሙዛፈር አስጠራው። አሚሩ እግሩ የሚያነክስ ሰው ስለምን ይህን ያህል እንደሚዞር ሲጠይቀው፤ ቫምቤሪ የአሚሩ ቀደምት የሆነው ታላቁ ቲሙር አንካሳ ሳለ ዓለምን እንደ ዞረና እንደ ገዛ አስታወሰው። አሚሩ በመልሱ ተደስቶ ልብስና ገንዘብ ሰጥቶ አሰናበተው።

ከሐጂ ቢላል መለየት

በሳማርካንድ ቫምቤሪ ከጓደኞቹ ጋር ተለያየ። እነሱ ወደ ምሥራቅ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ሐጂ ቢላልና ጓደኞቹ በበረሓ ውኃ ያካፈሉት፤ ሲታመም ያስታመሙት፤ ሲጠረጠርም የማሉለት ሰዎች ነበሩ። በመለያየቱ ሰዓት አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ።

ቫምቤሪ በመጽሐፉ እንደሚናገረው በዚያን ሰዓት ከሁሉ ይልቅ ያሠቃየው ነገር ለእነዚህ ወዳጆቹ እውነተኛ ማንነቱን ሳይገልጽ መለየቱ ነው። ሊነግራቸው ዐስቦ ነበር፤ ነገር ግን ፈራ። እንደ ወንድም የወደዱት ረሺድ የሚባለው ቱርክ በዓለም ላይ አልነበረም። እኛም ታሪኩን ስንመረምር ይህን ነገር በቀላሉ ለማለፍ አንችልም። ያለዚያ ማታለል አውሮፓ ስለ ማዕከላዊ እስያ ያን ያህል ዕውቀት አያገኝም ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ቫምቤሪ ብቻ አልነበረም፤ ሳያውቁ ያመኑት ሰዎችም ከፍለዋል። ምስጢሩ በመንገድ ቢወጣ ኖሮ ከእሱ ጋር የሚጠየቁት እነሱ ነበሩ።

በመልሱ መንገድ የኩንግራት ተወላጅ የሆነ ሙላ ኢስሐቅ የሚባል ወጣት ተከተለው። ቅፍለቱም ከባርነት ነጻ የወጡ ፋርሳውያን ነበሩበት፤ በቡኻራ የተሸጠ ልጁን ለመዋጀት ሄዶ ይዞት የሚመለስ ሽማግሌም በመካከላቸው ነበረ። ሄራት ሲደርሱ ከተማዪቱን ከጥቂት ወራት በፊት አፍጋኖች በጦርነት ስለ ያዟት ፈርሳ አገኟት። ቫምቤሪ የአገረ ገዢውን ምጽዋት ሊለምን ቢገባ፤ ያቆብ ኻን የሚባለው ወጣቱ ልዑል ትኵር ብሎ ተመለከተውና እንግሊዛዊ ነህ አለው። የወታደር ሙዚቃ ሲመታ እንግዳው በእግሩ ሲያጅብ በማየቱ ነበር የጠረጠረው፤ የምሥራቅ ሰው እንዲህ አያደርግምና። ቫምቤሪ አማኝን ከሓዲ ብሎ መጥራት ኀጢአት ነው ብሎ በመቆጣት አመለጠ። ኖቬምበር 15 ቀንም ሁለት ሺህ ያህል ሰው ካለበት ታላቅ ቅፍለት ጋር ከሄራት ተነሣ። ሌሊት በውርጭ እየተኛ ከዐሥራ ሁለት ቀን ጉዞ በኋላ የማሽሃድን የወርቅ ጉልላት ከሩቅ አየ።

የማሽሃድ ከተማ

የከተማዪቱ ታሪክ በሁለት መቃብር ይጀምራል። የባግዳዱ ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ በ809 ዓ.ም. ለዘመቻ ሲሄድ በቱስ ከተማ አጠገብ ሞተና እዚያው ተቀበረ። በ818 ዓ.ም. ደግሞ የሺዓ እስላሞች ስምንተኛው ኢማም አሊ አል ሬዛ በዚያው ስፍራ ሞቱና በኸሊፋው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ሺዓዎች ኢማሙ በመርዝ ተገደሉ ብለው ያምናሉ፤ ማሽሃድ የሚለው ስምም የሰማዕትነት ቦታ ማለት ነው። ገዢውና ኢማሙ በአንድ ጉልላት ሥር ሲያርፉ፤ ሕዝቡ ከሩቅ የሚመጣው ግን ለኢማሙ ነው።

በየዘመኑ የነገሡት ሁሉ ቦታውን አስጊጠውታል። የቲሙር ልጅ የሻህ ሩኽ ሚስት ንግሥት ጎሃርሻድ በ1418 ዓ.ም. የተፈጸመ፤ በሰማያዊ ሸክላ ያሸበረቀ ታላቅ መስጊድ በመቃብሩ አጠገብ አሠራች። የፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ በ1601 ዓ.ም. ከእስፋሃን ተነሥቶ በእግሩ እየተጓዘ ማሽሃድ ድረስ መጥቶ ተሳልሟል፤ ጉልላቱም በእሱ ዘመን በወርቅ ተለብጧል። ወደ መካ የሄደ ሰው ሐጂ እንደሚባል፤ ማሽሃድ የተሳለመ ፋርሳዊም ማሽሃዲ ይባላል። ዛሬ ማሽሃድ ከቴህራን ቀጥላ በኢራን ሁለተኛዋ ታላቅ ከተማ ናት፤ በየዓመቱም ብዙ ሚሊዮን ሰው ይሳለማታል።

ለቫምቤሪ ግን ማሽሃድ መዳኛው ነበረች። በፋርስ ንጉሥ አገልግሎት የነበረ ዶልሜጅ የተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል በከተማዪቱ ይኖር ነበር። ቫምቤሪ በዚያ ልብሱ በሩን ቢያንኳኳ መጀመሪያ ያወቀው አልነበረም፤ በአውሮፓ ቋንቋ ሲናገር ግን ኮሎኔሉ አቅፎ አለቀሰ። ቤቱንም፤ ምግቡንም ሳይሰስት አንድ ወር ያህል አስተናገደው። የኾራሳን ገዢ የነበረው የንጉሡ አጎት ሱልጣን ሙራድ ሚርዛም በክብር ተቀበለው። ለብዙ ወራት በየሌሊቱ እንኳ በሕልሙ በራሱ ቋንቋ እንዳይናገር ይሰጋ የነበረ ሰው አሁን በግልጽ ሊናገር ቻለ።

በጎዳና ላይ የተደረገው ግንኙነት

ቫምቤሪ የደርቡሹን ልብስ ገና ሳያወልቅ በማሽሃድ ጎዳና ሲዘዋወር፤ ቀድሞ በማዕከላዊ እስያ ጉዞው ያወቀውን አንድ አይሁዳዊ ነጋዴ አየ። ደስ ብሎት አንተ አይሁዳዊ ብሎ ጠራው። ሰውየው ግን ደንግጦ ቀረበና እባክህ ሐጂ፤ በዚህ ከተማ በዚህ ስም አትጥራኝ ብሎ ለመነው፤ ከከተማው ውጪ ከወገኖቹ ጋር አይሁዳዊ እንደ ሆነ፤ በከተማው ውስጥ ግን እስላም መስሎ መኖር ግዴታው እንደ ሆነ ገለጸለት።

ይህ እንዴት ሆነ? ከሃያ አራት ዓመት በፊት፤ በማርች 1839 ዓ.ም. የማሽሃድ ሕዝብ በአይሁድ ሰፈር ላይ ተነሣ። ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ አይሁድ ተገደሉ፤ ምኵራባቸው ተቃጠለ፤ የቀሩትም ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ እስላሞች ተባሉ። ጥቂቶቹ ወደ ሄራት ሸሽተው በዚያ በግልጽ አይሁድ ሆነው ኖሩ፤ የቀሩት ግን ከማሽሃድ ሳይወጡ ሁለት ኑሮ መኖር ጀመሩ።

የዚህ ሁለት ኑሮ ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ ለአደባባይ፤ አንዱ ለቤት። ከእስላም ሥጋ ሻጭ ሥጋ እየገዙ ለሌላ ይሰጡት፤ ራሳቸው የሚበሉትን ግን በቤት ውስጥ በምስጢር ያርዱ ነበር። ቅዳሜ ሱቃቸውን ይከፍታሉ፤ ነገር ግን ትንሽ ልጅ ያስቀምጡና ገዢ ሲመጣ ባለቤቱ የለም ያሰኙታል። ሴት ልጆቻቸውን ከሌላ ወገን የጋብቻ ጥያቄ ሳይመጣባቸው ገና በሕፃንነታቸው ያጩ ነበር። ከእነሱ አንዳንዶቹ መካ ድረስ ሄደው ሐጂ ተብለዋል፤ በመልሳቸው ግን ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ይመለሱ ነበር። በዚህ ዐይነት አንድ ትውልድ ለሚከተለው እያስተላለፈ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቈዩ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጊዜው ሲሻሻል ብዙዎቹ ከከተማዪቱ ወጡ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በእስራኤልና በኒውዮርክ አካባቢ ይኖራሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ እነዚህን ሁለት ሰዎች በማሽሃድ ጎዳና ላይ ቆመው እንያቸው። ሁለቱም ያልሆኑትን መስለዋል። ሁለቱም ከአይሁድ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን አንዱ መሰወሪያውን የለበሰው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ማሽሃድ ሲደርስም ሊያወልቀው ይችላል፤ ካወለቀውም በኋላ ስሙ ይነሣለታል፤ መጽሐፍ ይጽፍበታል። ሁለተኛው ግን በሰው ግፍ የለበሰው ነው፤ ከማሽሃድ በር ሲገባ ይለብሰዋል፤ ልጆቹንም ያለብሳቸዋል፤ ስሙንም ታሪክ አላቆየልንም። የመጀመሪያው ጀግንነት በዓለም ተወራ፤ የሁለተኛው ግን በጓዳ ቀረ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብንባል፤ እኛ ለሁለተኛው ማድላታችንን አንሰውርም።

ከጉዞው በኋላ

ቫምቤሪ ዴሴምበር 26 ቀን ከማሽሃድ ተነሥቶ በጃንዋሪ 1864 ዓ.ም. ቴህራን ገባ፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ለንደን ደረሰ። በንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ፊት ስለ ጉዞው ተናገረ፤ መጽሐፉም በ1864 ዓ.ም. ታትሞ ስሙ በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። በ1865 ዓ.ም. በፔሽት ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎች አስተማሪ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም አርባ ዓመት ያህል አስተማረ። በዓለም ከታወቁት የእስልምና ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ኢግናጽ ጎልድዚኸር ተማሪው ነበር።

ሙላ ኢስሐቅ ወደ መካ ሊሄድ የተነሣ ሲሆን በፈንታው ሃንጋሪ ገባ። እውነቱን የተረዳው በመንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ ከቫምቤሪ አልተለየም። ሃንጋሪኛ ተምሮ በአካዳሚው ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ የሃንጋሪን ግጥም ወደ ቻጋታይ ቱርክኛ ተረጐመ፤ በ1892 ዓ.ም. በቬለንስ መንደር ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከተታለሉት መካከል እውነቱን ሰምቶ የራሱን ፍርድ ለመስጠት ዕድል ያገኘ እሱ ነው።

የቫምቤሪ ዋና ጥያቄስ ምን ሆነ? ሃንጋሪኛ ከቱርክኛ ጋር የተዛመደ ነው የሚለው ሐሳቡ በሌሎች ሊቃውንት ተቀባይነት አላገኘም። ዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት የሚስማሙበት፤ ሃንጋሪኛ ከፊንላንድኛና ከኤስቶኒያኛ ጋር በሩቅ የሚዛመድ መሆኑን፤ ከቱርክ ቋንቋዎች ግን ብዙ ቃል መዋሱን ነው። ስለዚህ ቫምቤሪ ለመፈለግ የሄደውን አላገኘም፤ ያልፈለገውን ግን አገኘ። ስለ ኺቫና ስለ ቡኻራ ኑሮ፤ ስለ ባርያ ንግዱ፤ ስለ ቱርክመኖች ልማድ የጻፈው ዛሬም ይነበባል። ሩሲያ ሳማርካንድን በ1868፤ ኺቫን በ1873 ዓ.ም. ስለ ያዘች እሱ ያየው ዓለም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተለወጠ።

ሌላም ነገር አለ። ቫምቤሪ በእንግሊዝ ጋዜጦች የሩሲያን መስፋፋት እየተቃወመ በግልጽ ይጽፍ እንደ ነበር ሁሉም ያውቅ ነበር። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. በእንግሊዝ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ለሕዝብ የተከፈቱ ወረቀቶች ከእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገንዘብ እየተቀበለ ወሬ ያቀርብ እንደ ነበር አሳዩ። ከሱልጣን አብዱልሐሚድ ጋር በነበረው ወዳጅነትም በ1901 ዓ.ም. ቴዎዶር ሄርጽል ከሱልጣኑ ጋር እንዲገናኝ አድርጓል። አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ፤ በቱርክ አገር እስላም፤ በሃንጋሪ ደግሞ ፕሮቴስታንት ተብሎ የኖረው ሰው በእርጅናው የአይሁድን ጉዳይ ለመርዳት እጁን ዘረጋ ማለት ነው። እንግዲህ መሰወሪያው በማሽሃድ ፈጽሞ አልወለቀም ነበር ለማለት ይቻላል። ቫምቤሪ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1913 ዓ.ም. በቡዳፔሽት ሞተ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ተማሪው በቀን ዐሥር ቃል የሚጀምር ሰው ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ይማራል፤ መጽሐፍ የማይመልሰውን ጥያቄ ወደ ቦታው ሄዶ መጠየቅ እንደሚያስፈልግም ይረዳል። ነገር ግን ዕውቀት የሚገኘው ከሰው ስለ ሆነ፤ ያመነን ሰው ዕዳ እንዳለብን ደግሞ ሊያስብ ይገባዋል፤ ሐጂ ቢላል ያካፈለው ውኃ በቫምቤሪ መጽሐፍ ገጾች ሁሉ ውስጥ አለና። አዲስ ሹመት የተቀበለው ወጣት ደግሞ ከማሽሃዱ ነጋዴ ይማር። ሕዝብን በማስፈራራት ስሙን ማስለወጥ ይቻላል፤ በአደባባይ የሚናገረውንም ማስለወጥ ይቻላል። በጓዳው የሚያምነውን ግን የሚለውጥ ኀይል እንደሌለ እነዚያ ሰዎች ከሰማንያ ዓመት በላይ አሳይተዋል። በጠረጴዛው ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ ሁለት ስም ይዞ እንዳይመጣ ማድረግ የመልካም ሹም ሥራ ነው።